መድኃኒት የገባበትን ውሃ በሸክላ አፈር ማጣራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ስለዚህ ጉዳይ ደጋግሞ የሚጠይቀውን ከቀላሉ ጀምረን እስከ አስቸጋሪው ደርድረነዋል፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ መድኃኒት ውሃ ውስጥ ምን ይሠራል? ከየት ገባ?

በብዛት ከእኛው ሽንት ቤት ነው። የዋጥነው ኪኒን ሁሉ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ አያልቅም። የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን እንውሰድ። ብዙ ሕመምተኞች በየቀኑ ከ500 እስከ 2000 ሚሊግራም ይወስዳሉ። ሰውነት ግን አይለውጠውም። ሥራውን ሠርቶ እንደገባ ይወጣል። አሞክሳሲሊንም አብዛኛው ሳይለወጥ በሽንት ይወገዳል። በዚህ ላይ ጊዜው ያለፈበትን ሽሮፕ ሽንት ቤት የሚደፋ አለ። የሆስፒታል ፍሳሽ አለ። ለከብትና ለዶሮ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ አለ።

ፋብሪካም አለ። የፋብሪካ ፍሳሽ ሲከፋ ምን ያህል እንደሚከፋ ለማየት ሕንድ ውስጥ ሃይደራባድ አጠገብ ያለችው ፓታንቼሩ ትበቃለች። ወደ 90 የሚጠጉ መድኃኒት አምራቾች ፍሳሻቸውን የሚልኩት ወደ አንድ ማጣሪያ ጣቢያ ነበር። በ2007 የወጣ ጥናት ጣቢያው አጣርቶ በሚለቀው ውሃ ውስጥ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ አገኘ። ይህ መድኃኒቱን በወሰደ በሽተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው ይበልጣል። ልብ በሉ፣ «የተጣራው» ውሃ ነው።

እኛ ጋስ? አዲስ አበባ ወንዞች ውስጥ አለ?

አለ፤ ያውም በሰፊው። በ2022 የታተመ አንድ ግዙፍ ጥናት በ104 አገሮች፣ በ258 ወንዞች ላይ 61 የመድኃኒት ንጥረ ነገሮችን ፈልጎ ነበር። በአማካይ ድምር መጠን የፓኪስታኗ ላሆር በሊትር 70.8 ማይክሮግራም (የሚሊግራም አንድ ሺኛ) ይዛ አንደኛ ወጣች። የቦሊቪያዋ ላፓዝ በ68.9 ተከተለች። ሦስተኛዋ አዲስ አበባ ናት፤ 51.3። እንዲህ ያለ ሜዳሊያ ቢቀርብን ይሻል ነበር።

ምክንያቱ ብዙም ምርምር አይፈልግም። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የከተማውን ፍሳሽ እየተቀበሉ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በመንገዳቸው ላይ በዚሁ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ቃሊቲ ላይ ትልቅ ማጣሪያ ጣቢያ አለ። ግን እሱም ሆነ በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ ጣቢያዎች የተሠሩት ጠጣሩንና የሚበሰብሰውን ቆሻሻ ለመቀነስ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ካርባማዜፒን እንዲህ ባለ ጣቢያ ውስጥ ምንም ሳይነካው ያልፋል ማለት ይቻላል።

በዚህ መጠን ሰው ይታመማል?

ለሚጠጣ ውሃ ከሆነ መደናገጥ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ባወጣው ሪፖርት፣ በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚገኘው መጠን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ለሕክምና ከሚወስደው ዝቅተኛ መጠን ከ1000 እጥፍ በላይ ያንሳል ብሏል። ስለዚህ «የቧንቧ ውሃ ጠጥቼ በሰው ኪኒን ታመምኩ» የሚል ወሬ ስታዩ እለፉት።

ዋናው ችግር ወንዙ ውስጥ ለሚኖሩት ነው። ካናዳ ውስጥ ሳይንቲስቶች ከ2001 እስከ 2003 አንድ የሙከራ ሐይቅ ውስጥ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ሆርሞን ጨመሩ። መጠኑ በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም (የማይክሮግራም አንድ ሺኛ) ብቻ ነበር። ወንዶቹ ዓሦች የሴት ባሕርይ ማሳየት ጀመሩ፤ የአንዷ ትንሽ ዓሣ ዝርያ ከሐይቁ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ሁለተኛው ስጋት አንቲባዮቲክ ነው። ትንሽ ትንሽ አንቲባዮቲክ ሁልጊዜ የሚቀምስ ባክቴሪያ መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል። ይኼኛው ዞሮ ዞሮ ሰው ጋ ይደርሳል።

ሸክላ ስትሉ ያው ጭቃ ማለታችሁ ነው?

ጭቃው ውስጥ ያለውን ማዕድን ማለታችን ነው። የሸክላ ማዕድን ገበታ ላይ እንደተደራረበ እንጀራ በጣም ስስ በሆኑ ንብርብሮች የተሠራ ነው። ንብርብሮቹ ከሲሊከን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን ይሠራሉ። ካኦሊን የሚባለው ነጩ ሸክላ ንብርብሮቹ ተጣብቀው የተያያዙ ናቸው። በመሃላቸው ምንም አይገባም። ሞንትሞሪሎናይት ግን ለቀቅ ያለ ነው። ውሃ ሲያገኝ መሃሉ ይከፈትና ያብጣል። ገበያ ላይ «ቤንቶናይት» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ሞንትሞሪሎናይት ነው።

ይህን ማዕድን የማያውቅ የለም፤ በስሙ ባንጠራውም። ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር በዚሁ ቤተሰብ የተሞላ ነው። ክረምት የሚያብጠው፣ በጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው፣ ቦሌ አካባቢ የስንቱን ቤት ግድግዳ የሰነጠቀው እሱ ነው። ኮንትራክተር የሚያማርርበት ይኸው ጠባዩ ነው ውሃ ለሚያጣራ ሰው የሚጠቅመው። መሃሉ ሲከፈት የአንድ ግራም ሞንትሞሪሎናይት ገጽ ከ700 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል። የካኦሊኑ ከ10 እስከ 20 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው።

መድኃኒቱን የሚይዘው እንዴት ነው?

በኤሌክትሪክ ቻርጅ። የሞንትሞሪሎናይት ንብርብር ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ያንን ለማመጣጠን ሶዲየምና ካልሲየም መሃሉ ገብተው ተቀምጠዋል። ግን አጥብቀው አልተያዙም። ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው የመድኃኒት ሞለኪውል ሲመጣ ቦታ ይለቁለታል። እሱ ይገባል፣ ሶዲየሙ ውሃው ውስጥ ይወጣል። የአዮን ልውውጥ የሚባለው ይህ ነው። ከዚህ ሌላ በንብርብሩ ጠርዝ ላይ የሚጣበቁ፣ ከካልሲየምና ከብረት ጋር ተያይዘው የሚቀሩ መድኃኒቶችም አሉ። ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ እንዲህ ያለ ነው።

ሒሳቡን መሥራት ይቻላል። ጥሩ ሞንትሞሪሎናይት በአንድ ግራም አንድ ሚሊሞል ገደማ (የሞለኪውሉ ክብደት በሚሊግራም ሲቆጠር) ይለዋወጣል። የሲፕሮፍሎክሳሲን ሞለኪውላዊ ክብደት 331 ነው። ስለዚህ አንድ ግራም ሸክላ ሁሉም ነገር ከተመቸው 330 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። ባለ 500 ሚሊግራም አንድ ፍሬ ኪኒን በአንድ ግራም ተኩል ሸክላ ሙሉ በሙሉ ይያዛል ማለት ነው። የካኦሊን የልውውጥ አቅም ከዚህ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ያንሳል።

ይህን ፋርማሲስቶች ከጥንትም ያውቁታል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ስሜክታ ራሱ ሸክላ ነው። «ከሌላ መድኃኒት ጋር አብረህ እንዳትወስደው፣ አራርቀው» የሚባለው ሌላውን መድኃኒት ሆድ ውስጥ ስለሚይዘው ነው። እዚያ ችግር የሆነው ጠባይ እዚህ መፍትሔ ሆነ።

ቤቴ ውስጥ የምጠጣው ውሃ ላይ ልሞክረው?

አይሆንም። ከማሳ የመጣ አፈር ባክቴሪያም፣ የጥገኛ ትል እንቁላልም፣ አንዳንዴም ከባድ ብረቶች ይዞ ይመጣል። በናኖግራም ያለ ነገር ለማውጣት ብሎ አሜባ መጠጣት አያዋጣም። ደግሞ ጥሩ ሸክላ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ በነጠላ አጥልላችሁ አታወጡትም።

«እንስራ ወይም የሸክላ ማጣሪያስ?» የሚልም ብዙ ነው። የእንስራ ውሃ ይቀዘቅዛል፤ ደስ ይላል። የሸክላ ማጣሪያም ባክቴሪያን በደንብ ይቀንሳል። መድኃኒት ግን አይዙም፤ ምክንያቱም ተተኩሰዋል። ሙቀቱ ከ500 እና ከ600 ዲግሪ ሲያልፍ የሸክላው ንብርብር ይዘጋል፣ የመለዋወጥ አቅሙም ይጠፋል። ማፍላትም ሆነ ውሃ አጋር የሚገድሉት ጀርም ነው፤ መድኃኒቱን እናወጣለን ብለው አልተሠሩም። ያም ሆኖ ሁለቱንም እንዳትተዉ፤ በእኛ አገር ሰው የሚታመመው ከጀርሙ ነው።

የትኛውን መድኃኒት ይይዛል? የትኛው ያመልጠዋል?

ይህ ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። «ሸክላ መድኃኒት ያጣራል» ተብሎ በጅምላ ሲወራ የሚዘለልም እሱ ነው። መልሱ የመድኃኒቱ ቻርጅ ላይ ነው ያለው። ያልታከመ ሸክላ ፖዘቲቩን ይወዳል፣ ኔጌቲቩን ይገፋል፣ ቻርጅ ለሌለው ግድ የለውም። ሜትፎርሚን በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው፤ ይያዛል። ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጡት ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል፣ ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቴትራሳይክሊን ትንሽ ጠባያቸው ይለዋወጣል እንጂ ከሸክላ ጋር በጣም ይስማማሉ።

አሁን ወደሚያመልጡት እንምጣ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ሰልፋሜቶክሳዞል። የመጨረሻው ባክትሪም ውስጥ ያለው ነው። እነዚህ በተለመደ ውሃ ውስጥ ኔጌቲቭ ናቸው፤ ሸክላውም ኔጌቲቭ ነው፤ ይገፋፋሉ። ካርባማዜፒንና ፓራሲታሞል ደግሞ ቻርጅ የላቸውም፤ በጣም ትንሹ ብቻ ይያዛል። አሳዛኙ ነገር፣ ፋርማሲ ውስጥ ያለ ትእዛዝ ሰው እየገዛ የሚውጠው የሕመም ማስታገሻ አብዛኛው ከሚያመልጡት ወገን ነው።

የውሃው ፒኤችም፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ ጨዋታውን ይለውጣል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከፒኤች 6 በታች ሙሉ ፖዘቲቭ ነው። ከ6 እስከ 8.7 ገደማ በአንድ ሞለኪውል ላይ ሁለቱንም ቻርጅ ይይዛል። ከዚያ በላይ ኔጌቲቭ ይሆናል። ስለዚህ ያው ሸክላ፣ ያው መድኃኒት፣ የተለያየ ውሃ ውስጥ የተለያየ ውጤት ይሰጣል። አንድ ጽሑፍ ፒኤች ሳይጠቅስ «ይህን ያህል በመቶ አስወገደ» ካለ በጥርጣሬ አንብቡት።

ከአክቲቬትድ ካርቦን ይበልጣል?

በዋጋ ርካሽነት አዎ፤ በሁለገብነት አይበልጥም። አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም ልዩ ዝግጅት የተደረገለት ከሰል፣ ቻርጅ የሌላቸውንና ቅባታማ ጠባይ ያላቸውን ጭምር ይይዛል። ካርባማዜፒንና ዲክሎፌናክ ለሱ ቀላል ናቸው። ስዊዘርላንድ ከ2016 ጀምሮ የተመረጡ የፍሳሽ ጣቢያዎቿ ተጨማሪ ደረጃ እንዲገነቡ በሕግ ስታዝ የተመረጡት ኦዞን የሚባለው ጋዝና አክቲቬትድ ካርቦን ናቸው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ባወጣው መመሪያ ትልልቅ ጣቢያዎች ይህን ደረጃ እንዲጨምሩ አዟል። ከወጪው ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች ይክፈሉ ብሏል። አምራቾቹ በጣም ጮኸዋል፤ ግን ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ በግልጽ መነሳቱ መልካም ነው።

ችግሩ ኦዞን መብራት ይበላል፤ ካርቦኑም ከውጭ በዶላር ይመጣል። ሸክላ እዚሁ ይቆፈራል። ለዚህ ነው ገንዘብ በሌለበት አገር ሸክላ ትርጉም የሚሰጠው፤ በተለይ ፍሳሹ ውስጥ ያለው መድኃኒት አስቀድሞ በታወቀበት ቦታ። ለምሳሌ አንቲባዮቲክ የሚበዛበት የዶሮ እርባታ ወይም የአንድ ፋብሪካ መውጫ። ለመላው ከተማ ፍሳሽ ሸክላን ብቻውን ማቆም ግን እኔ አልመክርም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሆን ሸክላ አለ?

አለ። ካኦሊን ጉጂ ውስጥ ቦምቦዋ፣ እንዲሁም ደብረ ታቦር አካባቢ ይገኛል። ቤንቶናይት አፋር ውስጥ አለ። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው የአፋሩ ነው፤ ካኦሊኑ ለሴራሚክና ለቀለም ይሻላል። ዋልካውስ ካላችሁ፣ ማዕድኑ አለው፤ ግን ከአሸዋ፣ ከኖራና ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ተደባልቆ ነው። የበሰበሰው ነገር ራሱ ቦታውን ቀድሞ ይይዝበታል። መታጠብና መለየት አለበት፤ ያ ደግሞ ወጪ ነው።

«የተሻሻለ ሸክላ» ሲባል ምን ተደርጎ ነው?

የሚያመልጡትን መድኃኒቶች እንዲይዝ ጠባዩን መቀየር ነው። በጣም የተለመደው፣ ሶዲየሙን አስወጥቶ በምትኩ ረጅም የካርቦን ጅራት ያለው የአሞኒየም ውህድ ማስገባት ነው። ያኔ መሃሉ ቅባታማ ይሆናል። ዲክሎፌናክና ካርባማዜፒን የሚጠጉት አሁን ነው። ሌሎች በንብርብሮቹ መሃል የብረት ወይም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ምሰሶ ያቆማሉ፤ ሸክላው ሲደርቅም ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሸክላን ከባዮቻር (ከተክል ተረፈ ምርት ከሚሠራ ከሰል) ጋር፣ ከሽሪምፕ ቅርፊት ከሚወጣው ካይቶሳን ጋር፣ በማግኔት ለመሰብሰብ እንዲመች ደግሞ ከብረት ኦክሳይድ ጋር የሚያዋህዱም አሉ።

ግን አንድ ጣጣ አለ። ያ የአሞኒየም ውህድ ራሱ ባክቴሪያ የሚገድል፣ ዓሣም የሚጎዳ ኬሚካል ነው። በደንብ ካልታጠበ ወደ ውሃው ይለቃል። መድኃኒት አውጥቶ ሌላ መርዝ ማስገባት ይሆናል። ጥናት የምትሠሩ ልጆች፣ የተወገደውን ብቻ ሳይሆን ከሸክላው የወጣውንም ለኩ።

ላብራቶሪ ውስጥ 99 በመቶ አስወገደ ይባላል። ታዲያ ጣቢያዎች ለምን አይጠቀሙበትም?

ላብራቶሪው ውስጥ ያለው ውሃ ወንዝ ስላልሆነ ነው። ብዙ ሙከራ የሚደረገው በተጣራ ውሃ፣ በአንድ መድኃኒት፣ በሊትር በአሥር ሚሊግራሞች መጠን ነው። ወንዙ ውስጥ መጠኑ በማይክሮግራምና በናኖግራም ነው። በዚያ ላይ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ አሞኒያና የበሰበሰ ኦርጋኒክ ነገር ከመድኃኒቱ በሺህ እጥፍ በልጠው ያንኑ ቦታ ይሻማሉ። ያ በአንድ ግራም 330 ሚሊግራም ያልነው ቁጥር እዚህ ሲደርስ ክፉኛ ይወርዳል።

ሁለተኛው እንቅፋት የቧንቧ ሥራ ነው። ሸክላ ሲያብጥ ውሃ አያሳልፍም። ለዚህ ነው ቤንቶናይት የቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ እንዳያፈስ ከሥር የሚነጠፈው። ውሃ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ብቻውን ብትሞሉት ይዘጋል። ዱቄቱን ውሃው ላይ ነስንሶ ማማሰል ይቻላል፤ ከዚያ ግን አሉም በሚባለው የማርጊያ ጨው አርግቶ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ብዙ አተላም ይተርፋል። አሁን ተስፋ የሚሰጠው መንገድ ሸክላውን ወደ ጠጠር መቀየር ወይም ከአሸዋ ጋር መደባለቅ ነው። የሚይዘው መጠን በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳል፤ ውሃው ግን ይፈሳል። ከ99 በመቶው ይልቅ «ስንት ሊትር ካለፈ በኋላ መድኃኒቱን ማሳለፍ ጀመረ?» የሚለውን መልስ የያዘ ጥናት ለጣቢያ ይጠቅማል።

መድኃኒቱን የያዘው ሸክላ የት ይጣላል?

መያዝ ማጥፋት አይደለምና ይህ ካልተመለሰ ሥራው ግማሽ ነው። መድኃኒቱ ሸክላው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ማሳ ላይ መበተን አይቻልም። አፈር ላይ የተጣበቀ ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን የመጉዳት አቅሙን ሙሉ በሙሉ እንደማያጣ በሙከራ ታይቷል። ጨዋማ ውሃ ወይም የፒኤች ለውጥ ሲያገኝም የተያዘው መልሶ ሊለቅ ይችላል።

በአሲድ ወይም በጨው አጥቦ እንደገና መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን የእጣቢው ጉዳይ ይመጣል። መጠኑ ትንሽ፣ መድኃኒቱ ብዙ የሆነ ፈሳሽ ይተርፋል። እሱን ለብቻው በኦዞን ማፍረስ ከጠቅላላው ፍሳሽ ጋር ከመታገል ይቀላል። ሌላው መንገድ እሳት ነው። ጡብ ከ900 ዲግሪ በላይ ሲተኮስ ውስጡ ያለው መድኃኒት ይቃጠላል፣ ሸክላውም የጡቡ አካል ይሆናል። እኔ ለእኛ አገር የሚያዋጣው ይኼኛው ይመስለኛል፤ ተሻሽሎ የአሞኒየም ጅራት ያልተቀጠለበት ተራ ቤንቶናይት ከሆነ በተለይ። ሙቀቱ ለብ ብሎ የሚቀር፣ ጭሱን የማይቆጣጠሩት የሰፈር ምድጃ ግን አይሆንም። እሱ መድኃኒቱን በግማሽ አቃጥሎ ሌላ ጉድ ወደ አየር ይለቃል። ስለዚህ ፕሮጀክት የምትጽፉ ሰዎች፣ ሸክላው ከየት እንደሚገዛ በምትጽፉበት ገጽ ላይ የሚቀበለውን የጡብ ፋብሪካና የምድጃውን ሙቀት አብራችሁ ጻፉ።